አንድ መስመር

ደብተሩ ቆጮ ቆጮ ይሸታል። ሃያ ዓመት ሆነው፣ ሽታው ግን አልለቀቀውም። ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ነው፤ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ታትሞበታል። በጥቅምት 1998፣ ሰው ከየቤቱ ይለቀም በነበረበት ሰሞን፣ በፌስታል ጠቅልዬ በላዩ የእንሰት ቅጠል ደርቤ እናቴ ቆጮ ከምታብላላበት ጉድጓድ ጠርዝ ቀበርኩት። ከሁለት ክረምት በኋላ ሳወጣው ጠርዙ ቢጫ ከመሆኑ በቀር ጽሑፉ ደህና ነበር። ቢጠፋ ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

አምስተኛው ገጽ ላይ የአሥራ አንድ ሰው ስም ተዘርዝሯል። ስድስተኛው ስም ላይ መስመር አለ። በማስመሪያ ነው ያሰመርኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በንዴት የተሞነጫጨረ ቢሆን ኖሮ ልጅነት ነው፣ የጊዜው ትኩሳት ነው ብዬ ራሴን ባባበልኩ። እኔ ግን ማስመሪያ አስመጥቼ፣ ሰማያዊውን እስክሪብቶ ትቼ ቀዩን አንስቼ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ አሰመርኩ።

እኛን ማንም አልሾመንም። አዲስ አበባ ያለው ፓርቲ መኖራችንን የሚያውቅም አይመስለኝም። ከእምድብር ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን በምርጫው ሰሞን ፖስተር የለጠፍን፣ ኮሮጆ ስንጠብቅ ያደርን፣ ሁለት ጣት እያሳየን ጉሮሯችን እስኪዘጋ የጮኽን አሥራ አንድ ሰዎች ተሰባስበን ራሳችንን ኮሚቴ ብለን ሰየምን። ማህተም የለን፣ መዋጮ የለን፣ ደብተር ብቻ አለን። እኔ ጸሐፊ የሆንኩት በእጅ ጽሕፈቴ ነው፤ መርካቶ አጎቴ ሱቅ ደረሰኝ ስቆርጥ ያሳመርኩት ጽሕፈት ነው። እንግዲህ ፓርቲው ከማያውቀው ኮሚቴ፣ ፓርቲው የማያውቀውን ሰው፣ በፓርቲው ስም አባረርን። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም።

የግንቦት 7 ቀን 1997ቱን ምርጫ ላየ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ላላየ ደግሞ ብነግረውም አይገባው። በሌሊት ተነስተው ሰልፍ የያዙ ባልቴቶች ነበሩ። ከተቃዋሚዎቹ ቅንጅት በፓርላማ 109 መቀመጫ አገኘ፣ ኅብረት 52። አዲስ አበባ ላይ ከ138 የምክር ቤት ወንበር 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። ከደቡብ ክልል ካገኛቸው መቀመጫዎች ደግሞ ብዙዎቹ የኛው የጉራጌ ነበሩ። የኛ የቸሃ ሰው መርካቶ ውሎ የሰማውን ወሬ ለመስቀል ይዞት ይገባል፤ ለመስቀል የገባው ወሬ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ያን ዓመት ግን የምንበላው የራሳችንን ወሬ ነበር። እኛ መርጠናል። ከ547 ወንበር 109ኙ ላይ የኛ እጅ አለበት።

ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ፤ የመረጥናቸው ፓርላማ ይግቡ ወይስ አይግቡ።

ስብሰባው መስከረም 14 ቀን 1998 ነው፣ ደብተሩ እንደሚለው። ለመስቀል ሦስት ቀን ቀርቶታል። ከጓዳው ቅቤ እየተነጠረ የቆሰረቱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ እኛ ጅባ ላይ ተደርድረን ምሰሶውን ከበን ተቀምጠናል። አሥራችን ሐሳባችን አንድ ነበር። ድምፃችን ተሰርቋል፣ የተሰረቀ ቤት ገብቶ መቀመጥ ሌባውን መመረቅ ነው። አሥራ አንደኛው መምህሩ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ለግማሾቻችን ፊደል ያስቆጠሩን እሳቸው ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። «ልጆች» ብለው ጀመሩ። አቦሉ ሲቀዳ የጀመሩትን ቶናው አልቆ በረካው ሲቀርብ ጨረሱ። እንግባ ነው የሚሉት።

ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረውን እንዳለ ልገልብጠው፦ «አንድ አባል የተለየ ሀሳብ አቀረቡ። ተቀባይነት አላገኘም።» በቃ። የዚያ ሁሉ ጊዜ ንግግር በሰባት ቃል ተቀበረ። ቀጥሎ ያለው ረዘም ይላል፤ ውሳኔ ስለሆነ ተጠንቅቄበታለሁ፦ «ትግሉን ለጠላት አሳልፎ የሚሰጥ አቋም በመያዛቸው ከአባልነት ተሰርዘዋል።» ከሃዲ የሚለውን ቃል ማን እንደጀመረው ደብተሩ አይናገርም። እኔ ግን አውቃለሁ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ስም ከደብተር መሰረዝ ማንንም አይገድልም። ነገሩ ከደብተር ወጥቶ ቅርጫ ገባ። መስቀል በኛ አገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም እየቆጠቡ በሬ የሚገዙለት፣ የሞተ እንጂ የታመመ የማይቀርበት በዓል ነው። መምህሩ ከአባቴ ጋር በአንድ ቅርጫ ውስጥ ሃያ ዓመት አብረው አርደዋል። ያን ዓመት ግን ልጆቹ አምርረናልና ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ፣ መደቡም ያለ እሳቸው ተደለደለ። በእርዱ ዕለት ጠዋት መምህሩ ከእምድብር ሉካንዳ በኪሎ የገዙትን ሥጋ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ሲመለሱ በመንደሩ አውራ መንገድ፣ ጀፎረው ላይ አየኋቸው። በኪሎ የተገዛ የመስቀል ሥጋ! ለቸሃ ሰው ከዚያ የባሰ ምን አለ? ሰላም አሉኝ። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፣ ወይም የማስር መሰልኩ።

ማታ ደመራው ሲለኮስ ሁሌም የሚመርቁት እሳቸው ነበሩ። ሌላ ሰው መረቀ። እሳቸው ከአጥራቸው በር ላይ ቆመው እሳቱን ከሩቅ አዩት። በአገራችን ደንብ ዳኝነት አልቀበልም ያለ ሰው እሳት እንዳይጫርለት ይደረግ ነበር ይባላል። ግን የባህል ሸንጎያችን የየጆካ ሽማግሌ እንኳ እዚያ ከመድረሱ በፊት ሰውየውን ተቀምጦ ይሰማዋል፣ ደግሞ ያሰማዋል፣ ሽማግሌ ይልክበታል። እኛ ቅጣቱን ከአባቶቻችን ወረስን፣ መስማቱን ግን አልወረስንም።

የቀረውን አገር ያውቀዋል። መስከረም 30 ፓርላማው ተከፈተ፣ ያልገቡት ያለመከሰስ መብታቸውን አጡ። ጥቅምት ላይ ደም ፈሰሰ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ከምርጫው በኋላ በተነሱት ሁለት ዙር ግጭቶች 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቆጠረ። መሪዎቹ እስከ ሐምሌ 1999 ታሰሩ። ሲፈቱ እርስ በርሳቸው ተከሳሽና ከሳሽ ሆኑ፤ አንዱ ሌላውን ያገደበት፣ ያ ደግሞ አጋጁን ያገደበት ደብዳቤ በየጋዜጣው ወጣ። በመጨረሻ ያ ሁሉ ሰው የሞተለት ስም በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለነአቶ አየለ ጫሚሶ ተሰጠ። በ2002 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ ሶዶ፣ መስቃን ቢሉ ለውጥ የለውም፤ ሁሉም ወደ ኢሕአዴግ ንብ ተመለሰ።

መምህሩ ልክ ነበሩ፣ እኛ ተሳሳትን እያልኩ አይደለም። ያን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የሚገባበት ቤትም ቢሆን በሩ ጠቦ ነበር፤ ተሰናባቹ ፓርላማ ሊበተን ሲል ደንቡን ቀይሮ አጀንዳ ለማስያዝ 51 በመቶ ያስፈልጋል ብሏል፣ ቀድሞ 20 አባል ይበቃ የነበረውን። ቢገቡ ምናልባት ለአምስት ዓመት እጃቸውን እያወጡ ሲሸነፉ ይከርሙ ነበር። ሆኖም በ2002 ከተቃዋሚ ፓርቲዎች ብቻውን የገባው ግርማ ሰይፉ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ከ547 አንድ ሆኖ፣ ሲናገር ሰማነው። ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን «ጎበዝ!» እንል ነበር። አንድ ሰው! እኛ 109 ይዘን ነበር። ከ109ኙ ብዙዎቹ በኋላ በየግላቸው ገብተዋል፤ የገቡት ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ እንደ ሌባ ነው። ከኋላቸው ከሃዲ የሚል ድምፅ እየተከተላቸው እንዴት ብለው ይናገሩ? የኅብረቱ በየነ ጴጥሮስና መረራ ጉዲና ሲገቡም ከውጭ አገር የራሳቸው ጓዶች አወገዟቸው። የቅንጅቱ ልደቱ አያሌውማ ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖ ቀረ፤ ሰውየው መጽሐፍ ጽፎ ቢያስረዳም ሰዳቢው አያነብም። እኔ ራሴ ሳላነብ ነው ስሰድብ የከረምኩት። አንብቤ ብሰድብ ምናለ?

ፓርቲ የከዳውን አባል መቅጣት አለበት ወይ ብትሉኝ፣ አዎ እላለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ማንም እንዳሻው የሚወጣበትና የሚገባበት ስብስብ ፓርቲ አይባልም፣ የቅዳሜ ገበያ ነው። በፓርቲው ስም ተመርጦ ስሙን ለሹመት የሸጠ፣ ገንዘብ የበላ፣ የጓዱን ምስጢር ለደኅንነት ያቀበለ ሰው ስሙ ቢሰረዝ ማንም አያዝንለትም። የኛ አገር ፓርቲ ግን እሱን ሲቀጣ አላየሁም። የሚቀጣው የተናገረውን ነው። ተነስቶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ፊት ለፊት «አልስማማም» ያለው ነው የሚመታው፤ ጥግ ይዞ እያጨበጨበ ልቡ የሸፈተው ይሾማል። ኢሕአፓ ውስጥ አንጃ የሚል ቃል ወጣና ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ጌታቸው ማሩ በገዛ ድርጅቱ ሰዎች ተገደለ። ታደለች ኃይለ ሚካኤል ያን ዘመን የተረከችበትን መጽሐፍ «ዳኛው ማነው?» አለችው፤ እኔ ርዕሱን ብቻ ሦስት ቀን ከአእምሮዬ አላወጣሁትም። ሕወሓት በ1993 ሲሰነጠቅ 12 የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት ስብሰባ ረግጠው ወጡ፣ ከዚያ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሶ ስድስት ዓመት እስር ቤት ከረመ። ዳኛዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ስትለቀው ከፍርድ ቤቱ ደጅ መልሰው ያዙት፣ የሙስና ተከሳሽ ዋስ የለውም የሚል ሕግም በቅጽበት ወጣ። ሰው የሚቀጣው በተከሰሰበት ሳይሆን በተናገረው እንደሆነ ያኔ ሁሉም ያውቅ ነበር። እኛ ያን እየጠላን ነው ቅንጅትን የመረጥነው። ከዚያ በኋላ እዚያው ጅባ ላይ ተቀምጠን ግምገማ ጠራን።

ሕንዶች በ1985 በአውሮፓ አቆጣጠር ሕግ አውጥተዋል፤ ተመራጭ ፓርቲውን ጥሎ ከሄደ ወይም የፓርቲውን ትእዛዝ ጥሶ ድምፅ ከሰጠ ወንበሩን ያጣል። ጠንካራ ሕግ ነው፣ ብዙዎችም የተመራጩን አንደበት ዘጋ ብለው ይወቅሱታል። ግን አንድ ነገር አለበት። ትእዛዝ የጣሰውን ፓርቲው በ15 ቀን ውስጥ ይቅር ካለው ወንበሩ ይተርፋል። ይቅርታ በሕግ ቀን ተቆረጠለት ማለት ነው። እኛ ደንብም ቀንም አልነበረንም፤ 15 ቀን የምትለዋን ሳነብ ወደ መጋዘን ገብቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

የኛ ሕገ መንግሥት ደግሞ ለጆሯችን ቅርብ ነበር፤ ገልጠን ያላየነው እንጂ። አንቀጽ 54 ተመራጩ ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ የለም። በሰጠው ድምፅ አይከሰስም ይላል። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበት ደግሞ በሕግ መሠረት ከቦታው ይነሳል ይላል። ልብ በሉ፣ የመረጠው ሕዝብ ነው የሚለው። የመቅጣት ሥልጣኑ እኛ ጋ ነበር፤ እኔ ጋ፣ እናቴ ጋ፣ ያቺ በሌሊት ሰልፍ የያዘች ባልቴት ጋ። እኛ ያን ሥልጣናችንን ለአንድ ቀን እንኳ ሳንሠራበት፣ የማይገባንን ሥልጣን፣ ሰውን ከቅርጫ የማስወጣቱን፣ እስኪበቃን ሠራንበት።

አሁን ወደ 2011 ልምጣ፤ ቁጭቴ በዚህ የሚቆም መስሎኝ ነበርና።

በህዳር 2011 የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ጉራጌ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ብሎ ወሰነ። አንቀጽ 47 እንደሚለው ጥያቄው ከቀረበ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ መደራጀት ነበረበት። ሲዳማ ህዳር 10 ቀን 2012 ድምፁን ሰጥቶ ክልል ሆነ። የኛ ወረቀት ሐዋሳ መሳቢያ ውስጥ ተኛ። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት አለፈ። በ2014 ክረምት ዞኖችን በጋራ ክልል የሚጠቀልል፣ ክላስተር የሚባል ቃል መጣ። እናቴ ክላስተር ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ «እማ፣ ቅርጫ ማለት ነው፤ በሬውን ግን እኛ አልመረጥነውም» አልኳት። የደቡብ ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች አንድ በአንድ እጃቸውን አወጡ። ጉራጌ ብቻ ቀረ። ነሐሴ 3 ወልቂጤ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ተቀመጠ። እኔ ዕቃ ላስረክብ መጥቼ እዚያው ተይዤ ቀረሁ፤ የጅማ መንገድ በቀትር ባዶውን ተዘርግቶ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ላዳ የለ፣ ባጃጅ የለ፣ ባንክ የለ። አንድ ውሻ አስፋልቱ መሐል ተጋድሞ ነበር።

ከቀናት በኋላ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። አብዛኞቹ የገዥው ፓርቲ አባላት ናቸው። ፓርቲው አቅጣጫ አውርዷል፤ አቅጣጫ ማለት በኛ አገር ትእዛዝ ማለት ነው። ድምፅ ተሰጠ። 40 ደገፉ፣ 52 ተቃወሙ። ክላስተሩ ወደቀ።

ወልቂጤ በእልልታ ተናጠች። እኔም እልል አልኩ፣ አልዋሽም። 52 ሰዎች የገዛ ፓርቲያቸውን ፊት ለፊት «አንቀበልም» አሉ! ለፓርቲያቸው እነዚህ ሰዎች ከሃዲ ናቸው፤ ለኛ ጀግኖች ናቸው። እልልታው መሐል ሳለሁ አንድ ነገር ጎሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ጅባ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው «ልጆች» ያሉት ሰው ትዝ አሉኝ። እሳቸውም 52ቱም ያደረጉት አንድ ነው፤ ከራሳቸው ወገን መሐል ተነስተው አልስማማም አሉ። ልዩነቱ የነሱ ቁጥር 52 መሆኑ፣ የኛው ደግሞ አንድ መሆኑ ነው። (ኅብረት በ1997 ያገኘውም 52 ነበር። ቁጥርም አንዳንዴ ያሾፋል።)

በዚያው ምሽት አንድ የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። የ40ዎቹን ስም ዝርዝር እየፈለጉ ነው። «ለምን?» አልኩት። «ማንም ከነሱ ጋር ቡና እንዳይጠጣ» አለኝ። ቀጥሎም፣ ልጁ ምን ያውቃል፣ «አጎቴ፣ ያንተ ጽሕፈት ያምራል፤ አንተ ትጽፍልናለህ» አለ። የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ደብተሩን፣ ማስመሪያውን፣ በኪሎ የተገዛውን ሥጋ ልነግረው ይገባ ነበር። «ደክሞኛል» ብዬ ተኛሁ። ሌላ ሰው ጻፈላቸው።

ስለ 40ዎቹ ተጨነቅን እንጂ ስለ 52ቱ ማንም አልተጨነቀም። ከዚያ ወዲህ የዞኑ አመራር ተቀየረ፣ ሰዎች ታሰሩ፣ ጉባኤውና ግምገማው ቀጠለ። ፓርቲ ሲቀጣ ጮክ ብሎ አይቀጣም፤ በዝውውር ነው፣ በስልጠና ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት ቢሮህ ሌላ ሰው ተቀምጦ በማግኘት ነው። እልል ያልንላቸው ሰዎች ደጅ ስንቶቻችን ሄደን ቆምን? የመረጣቸው ሕዝብ አመኔታ እንዳላጣባቸው የሚናገር አንድ ወረቀት ፈርመን ለማን ሰጠን? በየካቲት 2015 የወልቂጤ ሴቶች ውኃ አጥተው ባዶ ጀሪካን ይዘው አደባባይ ሲወጡ ጥይት ተተኮሰ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። ያን ሳምንት ተነስቶ የሚጠይቅልን ተወካይ ስንፈልግ፣ ተነስቶ መጠየቅን ራሳችን በስንት ቦታ እንደቀጣነው ማን አስታወሰ? በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፣ ጉራጌም አንዱ ዞን ሆኖ ገባ። ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። ክልል የጠየቀ ሕዝብ ሁለት ዞን ሆነ። የቡታጅራ ሰው ደስ ያለው አለ፣ አልፈርድበትም፤ ወልቂጤ ድረስ ለአንድ ማህተም መመላለስ እንዴት እንደሚያሰለች የተመላለሰ ያውቀዋል።

ከድምፁ በኋላ በነበረው መስቀል፣ መስከረም 2015፣ ደብተሩን ይዤ መምህሩ ቤት ሄድኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗል። በነዚያ ዓመታት ተያይተን አናውቅም ማለት አይደለም፤ ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ እንተያያለን፣ ሰላምታም አለን፣ ከሰላምታ ያለፈ ግን የለንም። ሰማንያን አልፈዋል። ባለቤታቸው ጣባውን ከፊቴ አቀረቡ፣ ክትፎውን ቆጮ ላይ አድርገው አጎረሱኝ። በሁለተኛው ጉርሻ እንባዬ መጣ፤ ሚጥሚጣው ነው አልኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብዬ ደብተሩን ሰጠኋቸው። ወዲያው አሸተቱትና ሳቁ፤ «ምነው ልጄ፣ እናትህ ጉድጓድ አስገባችው እንዴ?» አሉኝ። የመነጽራቸው አንደኛው ጆሮ በክር የታሰረ ነው። አደረጉት፣ በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ፤ ልጅ ሆነን እንደሚያስነብቡን። ቀዩ መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው አላቆመም። ቃለ ጉባኤው ላይ ሲደርሱ ግን ቆመ።

«ሐሳብ በሐመሩ ሐ ነው» አሉ። «አንተ በሃሌታው ጽፈኸዋል። ስንቴ ነግሬሃለሁ?»

«አዎ ጋሼ።»

እንደገና አነበቡት። ሰባቷን ቃል ሁለቴ። ከዚያ ገጹን ገለጡ፣ ጀርባውን አዩ፣ የቀጠለ ነገር ሲያጡ ወደ ኋላ መለሱት። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነው የሚፈልጉት፤ ቀና ብለው አዩኝ።

«እና፣ ምን ብዬ ነበር?»

የሚፈትኑኝ መሰለኝ። አይደለም። ፊታቸው ላይ ፈተና የለም፣ ነገሩ የምር ጠፍቶባቸዋል። ዕድሜ ነው። በዚያ ንግግር ምክንያት ያጡትን መስቀል፣ ያጡትን ቅርጫ፣ ያጡትን ምርቃት ሁሉ ያስታውሳሉ፤ ንግግሩን ግን አያስታውሱም፤ ይጻፍልኛል ብለው ትተውት ይሆናል።

«ረዥም ነበር አይደል?» አሉ።

«ረዥም ነበር ጋሼ። ከአቦል እስከ በረካ።»

«እሱን አውቃለሁ። ምኑን ነው የተናገርኩት? አንተ ጸሐፊ አልነበርክ?»

ባለቤታቸው ጀበናውን መልሰው ጣዱት። «ልጆች» ብለው እንደጀመሩ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም፤ ያ ሁሉ ሰው እያወራ፣ እኔም ከጎኔ ካለው ጋር እየተንሾካሾክሁ፣ እስክሪብቶዬን ለውሳኔው እያዘጋጀሁ ነበር። ቶናው እስኪፈላ አሰብኩ። አንድ ቃል አልመጣልኝም።